የተልባ እግር ነጋዴዎች ትውልድ

በአገራችን ትውልድ መቍጠር የቆየ ልማድ ነው። ሕፃን አፉን ከፈታ በኋላ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የአባቱን፥ የአያቱን፥ የቅድመ አያቱን ስም አከታትሎ እንዲመልስ ይለማመዳል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልተጀመረም። የርስት ሥርዓት በነበረበት ዘመን ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ ያላስረዳ ሰው ከርስቱ ድርሻ አያገኝም ነበር። ትዳር ሲታሰብም ወንዱና ሴቲቱ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይዛመዱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይቈጥራሉ። ስለዚህ የዘር ሐረግ ለእኛ አንድም የመሬት ማስረጃ፥ አንድም የጋብቻ ሕግ ሆኖ ኖሯል።

እኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደ መሆናችን የትውልድ ቈጠራ በየጊዜው በእጃችን ያልፋል። የወራሽነት ማስረጃ፥ የጡረታ ጥያቄ፥ የስም ማስተካከያ ማመልከቻ ሁሉ ማን ከማን እንደ ተወለደ ይናገራል። ነገር ግን ስሙ የተጻፈው ሰው በሕይወቱ ምን እንዳደረገና ምንን «አላደርግም» እንዳለ ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱም አይነግረንም። ይህ አሳብ በልባችን ሲመላለስ ሳለ ስለ አንድ የአየርላንድ ቤተ ሰብ ያነበብነው ታሪክ ነገሩን በሌላ ዓይን እንድናየው አደረገን። ቤተ ሰቡ ሪቻርድሰን ይባላል፤ ሃይማኖቱ ኩዌከር፥ ሥራው የተልባ እግር ጨርቅ ማምረት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ወደዚህ ታሪክ የመራን አንድ ቃል ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የካህናት ልብስ ከተልባ እግር እንደ ተሠራ ሲነበብ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ተልባ ግን በእኛ ቤት የጾም ምግብ ነው፤ ተቈልቶ፥ ተወቅጦ፥ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፥ እንጀራም ይፈተፈትበታል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለውም ተረት የተነገረው ስለ ፍሬው ነው። እግሩ፥ ማለት አገዳው፥ በአውድማ ዳር ከመጣል በቀር ለምን እንደሚጠቅም አናውቅም ነበር። የዚህን የሚጣል እግር ዋጋ ለማወቅ መጻሕፍት ስናገላብጥ ነው አየርላንድ የደረስነው።

በሰሜን አየርላንድ ኡልስተር በሚባለው አገር ገበሬው ተልባን ይዘራ የነበረው ለአገዳው ብሎ ነው። ቅርንጫፍ ሳያበዛ ቀጥ ብሎ እንዲረዝም አጠጋግቶ ይዘራዋል፤ ርዝመቱ እንዳይጐድልም በማጭድ አያጭደውም፥ ከነሥሩ ይነቅለዋል። የተነቀለው አገዳ አንድ ሁለት ሳምንት ያህል በኩሬ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ያን ጊዜ ሽታው ከሩቅ ያስታውቃል። ልጣጩ ከእንጨቱ ሲላቀቅ ወጥቶ ይደርቃል፥ ይቀጠቀጣል፥ በብረት ጥርስ ይበጠራል፥ ከዚያም ይፈተላል፥ ይሸመናል። የተሸመነው ጨርቅ መልኩ ገና አመድማ ስለሆነ በአመድ ውሃና በአሬራ እየታጠበ በወንዝ ዳር በለመለመ መስክ ላይ ይዘረጋል፤ ፀሐይና ዝናም ብዙ ወራት እየተፈራረቁበት ይነጣል። ያ በኩሬ ውስጥ የከረፋው አገዳ በመጨረሻ የነገሥታት ገበታ ልብስ ይሆናል።

ይህ ሥራ በኡልስተር እንዲስፋፋ ያደረገው የአፈሩና የውሃው ተስማሚነት ብቻ አይደለም፤ ሕግም አለበት። በ1696 ዓ.ም. የአየርላንድ የተልባ እግር ጨርቅ ያለ ቀረጥ ወደ እንግሊዝ እንዲገባ ተፈቀደ፤ በ1699 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝን ሱፍ ሠሪዎች ለመጠበቅ ሲባል የአየርላንድ የሱፍ ጨርቅ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ተከለከለ። አንዱ በር ሲዘጋና ሌላው ሲከፈት ሕዝቡ ወደ ተከፈተው በር ሄደ። በ1698 ዓ.ም. ሉዊ ክሮምሊን የተባለ ከፈረንሳይ በሃይማኖቱ ምክንያት የተሰደደ ሰው ሊዝበርን ወደምትባለው ከተማ መጥቶ ሥራውን እንዲያሻሽል ተደረገ። በዚሁ አገርና በዚሁ ሥራ ከበለጸጉት መካከል ኩዌከሮች ይገኙባቸዋል።

ኩዌከሮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር ባስተማረው ትምህርት የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። ራሳቸውን «የወዳጆች ማኅበር» ይላሉ፤ ኩዌከር ማለት «ተንቀጥቃጭ» ማለት ሲሆን ሌሎች ለፌዝ ያወጡላቸው ስም ነው። በመካከላቸው ቄስ አልነበረም፤ በዝምታ ተቀምጠው ይጸልዩና መንፈስ ያነሣሣው ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ትምህርታቸውን ስንመለከተው አብዛኛው የእምቢታ ትምህርት ነው። መሐላ አንምልም ይላሉ፤ ምክንያቱም እውነተኛ ሰው በፍርድ ቤት የሚናገረውና በቤቱ የሚናገረው ቃል ሁለት ሊሆን አይገባም። የጦር መሣሪያ አንይዝም ይላሉ፤ ለመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አሥራት አንከፍልም ይሉ ነበር፤ በባለሥልጣን ፊት ባርኔጣ አናወልቅም ይሉ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀን የአነጋገራቸው ነገር ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛም እንደ እኛ «አንተ» እና «አንቱ» ነበረ፤ ለትንሹ በነጠላ፥ ለትልቁ በብዙ ቍጥር ይነገር ነበር። ኩዌከሮች ግን በእግዚአብሔር ፊት ትልቅና ትንሽ የለም ብለው ዳኛውንም፥ መኰንኑንም፥ መስፍኑንም በነጠላ ይጠሩ ነበር። ይህ እንዴት ያለ ድፍረት እንደ ሆነ ከሌላው አገር አንባቢ ይልቅ የአማርኛ አንባቢ ይገባዋል። እኛ በመሥሪያ ቤታችን የቅርብ አለቃችንን አንድ ቀን በ«አንተ» ብናነጋግር ምን ሊደርስብን እንደሚችል ስናስብ፥ እነዚያ ሰዎች ስለዚህች አንዲት ቃል የተቀበሉት መናቅ፥ መመታትና መታሰር አልገረመንም።

ሃይማኖቱን በአየርላንድ የተከለው ዊልያም ኤድመንድሰን ነው። ይህ ሰው አስቀድሞ በክሮምዌል ጦር ውስጥ ወታደር ነበረ፤ በኋላ ግን መሣሪያውን ትቶ ሱቅ ከፈተ። በ1654 ዓ.ም. በለርገን ከተማ የመጀመሪያው የአየርላንድ ኩዌከሮች ጉባኤ በእርሱ አማካይነት ተቋቋመ። ኩዌከር ነጋዴ ለዕቃው አንድ ዋጋ ይናገራል፥ ከዚያ ወዲህ አይከራከርም ነበር። ከፍ አድርጎ ጠርቶ ዝቅ አድርጎ መሸጥ እንደ ውሸት ይቈጠርበታልና። ገዢዎች በመጀመሪያ ተቈጡ፤ ኋላ ግን ሕፃን ልጅም ቢላክ የማይታለልበት ሱቅ መሆኑን ሲያዩ ገበያው ወደዚያ አዘነበለ።

የሪቻርድሰን ቤተ ሰብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከእንግሊዝ መጥተው በኡልስተር፥ በአርማ አውራጃ ከሠፈሩት ወገኖች ነው። ከ1609 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት በኡልስተር ከአየርላንዳውያን የተወሰደውን መሬት ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ሰፋሪዎች ማደሉ የታወቀ ነው። ስለዚህ የዚህ ቤተ ሰብ ሐረግ የበቀለው ሌላ ባለርስት በተነቀለበት አፈር ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በርስት ነገር ደም ሲፋሰስ የኖረ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ አልሆነልንም።

የኩዌከሮች የትውልድ መዝገብ ከእኛ ቈጠራ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ተቃራኒ ነው። እኛ የምንቈጥረው ከዘመድ ርቀን ለመጋባት ሲሆን እነርሱ የሚቈጥሩት ከማኅበሩ ሳይወጡ ለመጋባት ነበር። ከማኅበሩ ውጭ ያገባ ሰው፥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ፥ ከአባልነት ይሰረዝ ነበር። የንግድ ዕዳውን መክፈል ያቃተውም ሊሰረዝ ይችል ነበር። ስለዚህ በየጉባኤው ልደት፥ ጋብቻና ሞት በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ሪቻርድሰን፥ ኒኮልሰን፥ ግራብ፥ ዌክፊልድ የሚባሉት ቤተ ሰቦችም እንደ ድርና ማግ እርስ በርሳቸው ተጠላለፉ። ስማቸውን ብቻ ብናይ ይበቃል፤ ጀምስ ኒኮልሰን ሪቻርድሰን አና ግራብን አግብቶ ጆን ግራብ ሪቻርድሰንን ወለደ። የእናት ቤት ስም በመካከል ገብቶ ስሙ ራሱ የዘር ሐረግ ሆነ።

ከልደቱና ከሞቱ ሌላ አንድ ልዩ መዝገብ ነበራቸው፤ የመከራ መዝገብ ሊባል ይችላል። አሥራት አልከፍልም በማለቱ ላሙን ወይም እህሉን የተወረሰበት፥ አልምልም በማለቱ የታሰረ ሰው ስም ከነደረሰበት ጉዳት ይጻፍበታል። እኛ ብዙ ዓይነት መዝገብ አይተናል፤ ሰው «እምቢ» ያለበት ቀንና የከፈለው ዋጋ የተመዘገበበት ግን ገና አላጋጠመንም። ልጅ የአያቱን ስም ሲማር አያቱ ምን እንደ ተወሰደበትም አብሮ ይማር ነበር ማለት ነው።

ይህም እምቢታ ሳይታሰብ ወደ ንግድ መራቸው። መሐላ ስለማይምሉ ከመንግሥት ሹመትና ከዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ተከልክለው ነበር፤ መሣሪያ ስለማይዙ የጦር ሹመት አይታሰብም፤ የቀረላቸው መንገድ እርሻ፥ ንግድና የእጅ ሥራ ነው። ያገኙትንም በጌጥና በመጠጥ ስለማያጠፉ ገንዘባቸው ወደ ሥራ ይመለሳል። የሪቻርድሰን ቤት በላጋን ወንዝ ዳር፥ በሊዝበርን አጠገብ ጨርቅ እያነጣ ይሸጥ ነበር። ጆን ሃንኮክ የተባለ የዚያው አገር የተልባ እግር ነጋዴ ደግሞ በ1764 ዓ.ም. 1000 ፓውንድ ተናዞ በ1774 ዓ.ም. በሊዝበርን የኩዌከሮች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ከቤተ ሰቡ ሁሉ ስሙ ገንኖ የሚጠራው ከላይ ያነሣነው ጆን ግራብ ሪቻርድሰን ነው። በ1845 ዓ.ም. ዕድሜው ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ሳለ በኒውሪ ከተማ አጠገብ ቤስብሩክ የሚባለውን ስፍራ ገዛ። ስሙ ቤስ ከምትባል የቀድሞ ባለቤት ሚስትና በዚያ ከሚወርደው ጅረት እንደ ወጣ ይነገራል። ትልቅ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ተክሎ ሠራተኞችን በተጨናነቀና በቈሸሸ ሠፈር ማኖርን ሕሊናው አልወደደም፤ ስለዚህ ፋብሪካውንና መንደሩን አብሮ አቋቋመ። በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች በአረንጓዴ አደባባይ ዙሪያ ተሰለፉ፤ ትምህርት ቤትና ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች የሚጸልዩባቸው ቤቶች ተሠሩ። ጊዜው የድንች በሽታ ያመጣው ታላቁ ረኃብ አየርላንድን የጀመረበት ዓመት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በ1846 ዓ.ም. የአየርላንድ ኩዌከሮች የሃይማኖት ልዩነት ሳያደርጉ የተራበውን የሚረዳ ኮሚቴ በደብሊን አቋቁመዋል።

በቤስብሩክ ሦስት ነገሮች እንዳይኖሩ ተወሰነ፤ መጠጥ ቤት፥ ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር ሱቅና ፖሊስ ጣቢያ። አሳቡ እንዲህ ነው፤ መጠጥ ቤት ከሌለ ሰው ለመጠጥ ብሎ ልብሱን በመያዣ አይሰጥም፥ ሰክሮም አይጣላም፤ ይህ ከሆነ ፖሊስ ለምን ያስፈልጋል? በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ከኒውሪ እስከ ቤስብሩክ 3 ማይል ያህል በወንዝ ውሃ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም ተከፈተ፤ ይህም በዓለም ላይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

የዚህ ሰው እምቢታ የተፈተነው ግን በመርከብ ነው። በ1850 ዓ.ም. የሪቻርድሰን ወንድማማቾች ከዊልያም ኢንማን ጋር ሆነው ከሊቨርፑል ወደ ፊላደልፊያ የሚመላለስ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ አቋቋሙ። በ1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ መርከቦቹን ለፈረንሳይ ጦር ማመላለሻ ማከራየት ትልቅ ትርፍ የሚያስገኝ ሆነ። ሪቻርድሰኖች ግን በጦርነት ትርፍ እጃችንን አናስገባም ብለው ከኩባንያው ወጡ። ኢንማን ብቻውን ቀጠለ፤ ኩባንያውም በኋላ በውቅያኖስ ላይ ስመ ጥር ሆነ። ጆን ግራብ ሪቻርድሰን በጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ዘመን የባሮኔት ማዕረግ ቢቀርብለትም አልተቀበለም። ባርኔጣ አላወልቅም ያሉ ሰዎች ልጅ፥ ሰዎች በማዕረግ እንዲጠሩት አልፈለገም።

ይሁን እንጂ ይህን ስናወድስ ሚዛኑን ልንሰብረው አይገባም። በቤስብሩክ ቤቱም፥ መንገዱም፥ ሥራውም የአንድ ሰው ስለ ነበረ ሠራተኛው የጌታውን እምቢታ የተቀበለው በገዛ ሕሊናው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። በኡልስተር የተልባ እግር ፋብሪካዎች በጠቅላላው ሥራው ከባድ ነበር። በሞቀ ውሃ በሚፈተልበት ክፍል ሴቶችና ልጃገረዶች ወለሉ ርጥብ ስለ ነበረ በባዶ እግራቸው ቆመው ይውሉ ነበር፤ በሚበጠርበት ክፍል አቧራው የሠራተኛውን ሳንባ ይጐዳው ነበር፤ ሕፃናትም ግማሹን ጊዜ እየተማሩ ግማሹን እንዲሠሩ ሕጉ ይፈቅድ ነበር። ያ የነጣ ጨርቅ የነጣው በፀሐይ ብቻ አልነበረም።

የመንደሩም ፍጻሜ ያሳዝናል። የጆን ልጅ ጀምስ ኒኮልሰን ሪቻርድሰን ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. በምክር ቤት ተቀመጠ፤ ሥራውም በልጅ ልጆች ዘመን ቀጠለ። በመጨረሻ ግን የተልባ እግር ገበያ ቀዝቅዞ ፋብሪካው በ1972 ዓ.ም. ቆመ። ያን ጊዜ ሰሜን አየርላንድ በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ ወገኖች መካከል በተነሣው ሁከት ትታመስ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በቆመው ፋብሪካ ውስጥ ሠፈረ፤ በጸጥተኛው መንደር ላይ ሄሊኮፕተር ሌትና ቀን ይወጣና ይወርድ ጀመር። በጃንዋሪ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. ከጨርቃ ጨርቅ ሥራቸው ወደ ቤስብሩክ ሲመለሱ የነበሩ ሠራተኞች ኪንግስሚል በሚባል ስፍራ ከመኪናቸው እንዲወርዱ ተደርገው 10 ፕሮቴስታንቶች በጥይት ተገደሉ፤ በዋዜማው በአቅራቢያው ባሉ የካቶሊክ ቤተ ሰቦች ላይ እንዲሁ ያለ ግድያ ተፈጽሞ ነበር። ጦሩ ከፋብሪካው የወጣው በ2007 ዓ.ም. ነው። ፖሊስ ጣቢያ እንኳ አያስፈልጋትም ተብላ የተቈረቈረች መንደር፥ ከጦርነት ትርፍ አልፈልግም ባለ ሰው ግንብ ውስጥ የጦር ሠፈር ኖረባት።

ይህን ካነበብን በኋላ እምቢታ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አልተረዳነውም። ግንብ ይወረሳል፥ ገንዘብ ይወረሳል፥ ስም ይወረሳል፤ «አላደርግም» ማለት ግን ሊወረስ አይችልም። አባት ያለው «አላደርግም» ለልጁ አይበቃውም፤ ልጅ በዘመኑ፥ በራሱ ፈተና ፊት፥ እንደ ገና ሊለው ያስፈልጋል። ለዚህ የሚረዳው የአባቱን እምቢታ ማወቁ ነው። የጆን ግራብ ሪቻርድሰን ሁለተኛ ሚስት ጄን ሜሪየን ሪቻርድሰን በ1893 ዓ.ም. የአየርላንድ ኩዌከሮችን የስድስት ትውልድ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ አሳትማለች። ስድስት ትውልድ ማለት እኛ ለጋብቻ ከምንቈጥረው ሰባት ቤት በአንድ ያነሰ ነው።

አባታችን እስከ ሰባተኛው ድረስ ሳይሳሳቱ የሚቈጥሩ ሰው ነበሩ። ከሰባቱ መካከል የስድስቱ ስም ብቻ ነው የደረሰን፤ ጀግና ይሁኑ ሰነፍ፥ ቸር ይሁኑ ንፉግ አናውቅም። ስለ አራተኛው ግን አንድ ነገር ነግረውናል። በአንድ የድንበር ክርክር ለገዛ ወንድማቸው እንዲመሰክሩ ተጠርተው «ያላየሁትን አልምልም» ብለው ከሸንጎው ተመለሱ። ወንድማቸው በነገሩ ተረታ፤ ዘመድም አኵርፎ ለብዙ ዓመት በማኅበርና በሰንበቴ ሳይጠራቸው ኖረ። ከሰባቱ ስሞች ሥጋና ደም ለብሶ በፊታችን የሚቆመው ይህ አንዱ ነው።

በመዝገብ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ይህን የመሰለ ነገር በየጊዜው ይገጥመዋል። ያላየነውን «አይተናል»፥ ያልተገኘውን «ተገኝቷል» ብለን እንድንፈርም የሚለምነን ብዙውን ጊዜ ጠላት አይደለም፤ ዘመድ ወይም ወዳጅ ነው። ጉዳዩም ሲነገር ትንሽ ነው። አንድ የሥጋ ዘመዳችን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን ስላልፈረምንለት ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም፤ በበዓል ቀን የእርሱ ስፍራ ባዶ ሆኖ ስናየው አሁንም ይከብደናል። ያን ጊዜ ብርታት የሰጠን መመሪያው አልነበረም፤ አራተኛው አባታችን ከሸንጎው ሲመለሱ በዓይነ ሕሊናችን ማየታችን ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ልጆቻችንን ትውልድ ስናስቈጥር በስም ብቻ አንተው። በየስሙ አጠገብ ያ ሰው ምን እንደ ቀረበለትና ምንን እንደ መለሰ፥ ስለዚህም ምን እንደ ጐደለበት፥ የምናውቀውን እናስተምር። ክፉውም ቢሆን አይደበቅ፤ የማን መሬት በማን እጅ እንደ ገባ፥ በማን ድካም ማን እንደ ከበረ ሐረጉ አብሮ ይናገር። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። እነርሱ ሳያልፉ ጠጋ ብሎ መጠየቅና የሚሉትን በደብተር ማስፈር የእያንዳንዳችን ሥራ ነው፤ ለዚህም የማንም ፈቃድ አያስፈልግም።